አሥራ ሁለተኛው በርሜል

ያላየሁትን አልጽፍም። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ውሸት የሚጽፍ እጅ ገና የለኝም።

ቀኑ ግንቦት 24፣ 1957 ዓ.ም. ነው። ማክሰኞ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት።

ቦታው እዚሁ ወረታ፣ ከጎንደር መንገድ ዳር ያለው የነዳጅ መጋዘን።

ሌሊት ቢሆን ሕልም ነው እል ነበር። ግን ጠራራ ፀሐይ ነበር... የሰው ጥላ እግሩ ሥር የሚገባበት ሰዓት። እናቴ «ቀትር ላይ ከማታውቂው ሰው ጋር አታውሪ» ትለኝ ነበር።

ባለቤቴ ካሴ የመጋዘኑ ዘበኛ ነው። ለመንገድ ሥራ መኪኖች የሚሆን ቤንዚን በበርሜል ይቀመጥበታል። ሙሉዎቹ በቆርቆሮው ቤት ውስጥ፣ ባዶዎቹ ውጭ ፀሐይ ላይ።

ምሳውን ይዤለት ሄድኩ።

«ተማሪዋ መጣች!» አለ ካሴ እየሳቀ። «ዛሬስ ምን አስተማሩሽ?»

«ቁጥር። እስከ ሃያ።»

«እንግዲህ ካንቺ ምን ይደበቃል!»

ያን ጊዜ ነው ሰውዬውን ያየሁት።

ከባዶዎቹ በርሜሎች መካከል ቆሟል። ረጅም፣ ከሲታ፣ በዚያ ሙቀት ካፖርት የለበሰ። በበሩ ሲገባ አላየሁትም። ካሴም አላየውም።

«የእሳት አደጋ መርማሪ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «የሚነድደውን ለይቼ ልጽፍ ነው የመጣሁት።»

ካሴ ደንግጦ ቆቡን አወለቀ። «ጌታዬ፣ ሙሉዎቹ ውስጥ ናቸው። እነዚህ ባዶ ናቸው፤ አያሰጉም።»

«የሚያሰጋው ባዶው ነው።»

ቀረብ ብዬ አየሁት... ቅንድብ የለውም። ሽፋሽፍትም የለውም።

«ቤንዚኑ ቢያልቅም ትንፋሹ ውስጡ ይቀራል» አለ። «ፀሐይ ሲመታው ያ ትንፋሽ ይበረታል። ከዚያ አንዲት ፍም ትበቃዋለች... ቤቱን ከነሰዉ ያነሳዋል።»

የመጀመሪያውን በርሜል በጣቱ አንጓ መታው።

ኳ... ኳ... ኳ...

ጆሮውን ለጠፈበት። ብዙ ጠበቀ። ከዚያ በጠመኔ ፩ ብሎ ጻፈበት።

«ምን ይሰማሉ ጌታዬ?» አልኩት።

«መልስ።»

ልስቅ ፈለግሁ። 

ወደ ሁለተኛው ሄደ። መታ፣ አዳመጠ፣ ጻፈ። ወደ ሦስተኛው... እኔም እየተከተልኩ ቁጥሮቹን በልቤ አነብባለሁ። በማንበቤ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

፲፩ ላይ በርሜሎቹ አለቁ።

ሰውዬው ግን ጠመኔውን አላስቀመጠም።

«አሥራ ሁለተኛውስ?»

ካሴ መሬት መሬት አየ። «አሥራ አንድ ብቻ ናቸው ጌታዬ።»

ሰውዬው ካሴን አላየውም። እኔን ነው ያየኝ።



አሥራ ሁለተኛው እኛ ቤት ነው።

እሑድ ዕለት ካሴ ደብቆ ያመጣልኝ ነው። በየክረምቱ ርብ ሞልቶ እየወጣ ጤፋችንን ያበሰብስብናል። ብረት ውሃ አያስገባም ብዬ ለምኜው ነበር። በአመድ አጠብኩት፣ በእንዶድ አጠብኩት፤ ሽታው አልለቅ አለኝ።

የወተት ቅል ሲሸት እኛ ምን እናደርጋለን? በወይራ እናጥነዋለን። በጠባብ አፉ ፍምና የወይራ ስንጥር ጨምረን እንከድነዋለን። ሽታው ይጠፋል።

ጠዋት ለልጄ ለገላነሽ የነገርኳት ይህንኑ ነው።

«ፀሐይ ላይ አውጪው። ቀትር ላይ ሞቅ ሲል እጠኚው። እኔን አትጠብቂ።»

ገላነሽ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከአራት ልጆች የተረፈችኝ እሷ ብቻ ናት።

«ስንት ሰዓት ነው?» አልኩ።

«ስድስት አልፏል» አለ ካሴ። እሱም ገብቶታል።

«ሩጪ» አለ ሰውዬው በሹክሹክታ።

ሮጥኩ።

ነጠላዬ ወደቀ፤ አልተመለስኩም። «የቁሐሩ ሚካኤል! ልጄን! ልጄን!» እያልኩ ሜዳውን አቋረጥኩ። በየእርምጃዬ ፍንዳታውን እጠብቃለሁ...

ምንም የለም።

የወፍ ድምፅ እንኳ የለም።

ገላነሽ ደጅ ቆማለች። በርሜሉ ፊቷ ነው። የፍም መያዣው ገል በእጇ ነው... ባዶውን።

«ፍሙስ? ጨመርሽው?»

«አልጨመርኩም እምዬ። ሰውዬው ወሰደው።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ካፖርት የለበሰው። ልጨምር ጎንበስ ስል ከኋላዬ መጣ። ፍሙን በባዶ እጁ አፈሰና ኪሱ ከተተው።»

«እጁስ?»

«አልተቃጠለም።»

«መቼ ነው?»

«አሁን። ጩኸትሽን ስሰማ ሄደ።»

ማታ ካሴን ጠየቅሁት። ማለልኝ። ሰውዬው እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ ከአጠገቡ አልተነቃነቀም። ካሴ ለአፍታ ላቡን ጠርጎ ቀና ሲል ግን የለም።

የቤታችን በርሜል ላይ በጠመኔ ተጽፏል። ፲፪።

ልጄን አቅፌ አለቀስኩ። ሚካኤል ነው የላከው አልኩ፤ ስለትም ተሳልኩ። በርሜሉን እስከ አፉ ውሃ ሞልተን ካደረ በኋላ ካሴ ወደ መጋዘኑ መለሰው። አለቃው ተቆጣው እንጂ አላባረረውም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ አልጽፈውም ነበር።

በማግሥቱ ገላነሽ ያወለቀችውን ቀሚስ ላጥብ ስዘረጋው... ጀርባው ላይ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል፣ ነጭ ጽሑፍ አየሁ።

፲፫።

«ምንድን ነው የሚለው እምዬ?»

«ምንም አይልም። አመድ ነው።»

ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ የመጀመሪያው ውሸቴ ነው።

«ገላዬ... ሰውዬው ነክቶሻል?»

«ጀርባዬን በጣቱ መታ መታ አደረገኝ። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ጆሮውን ለጠፈብኝ።»

«ምን አለሽ?»

«ምንም። ዝም ብሎ ጠበቀ።»

ቀሚሱን በእንዶድ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። አልለቀቀም። አቃጥዪው ብላ ጎረቤቴ ሸዋዓለም መከረችኝ። እሳት ላስነካው ግን ፈራሁ። ቀብሬዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ገላነሽን ምድጃ አላስጠጋትም። ክብሪት በጡቴ ሥር ይዤ እዞራለሁ። ሲመሽም ኩራዝ አላበራም። ካሴ «ልጅቷ ደኅና ናት፤ አንቺ ነሽ የታመምሽው» ይለኛል። ይሁን እላለሁ። እኔ ልሁን።

ዛሬ ቀትር ላይ ልጄ ተኝታ ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ቤቱ ጸጥ ብሏል።

ቀስ ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ጀርባዋን በጣቴ አንጓ መታሁት። በጣም ቀስ ብዬ... ሦስት ጊዜ። ሥጋ ነው፤ ድምፅ አልነበረውም።

ጆሮዬን ለጠፍኩ። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ።

ከውስጥ፣ ብረት እንደተመታ ሆኖ...

ኳ...

ኳ...

ኳ...