ከሰሌዳው የጎደለችው ዜሮ

የሒሳብ መምህሩ ረታ ጠዋት የተገኘው ሰሌዳው ሥር በጀርባው ተዘርሮ ነው። ጭንቅላቱ የድንጋዩን መድረክ ጠርዝ መትቷል፤ ጠመኔ ከጣቱ አጠገብ ወድቋል። ኢንስፔክተር የኔነሽ ከባጃጅ ስትወርድ የንፋስ መውጫ ከተማ ሰው ግማሹ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ «ገዳይ!» ይላል። ሲገፋ ያየ አንድም ሰው የለም፤ ጣቱን ወደ ዘጠነኛ ክፍሏ ተማሪ ትዝታ ያልቀሰረም የለም።

የኔነሽ ሬሳውን አየችና ዓይኗን ወደ ሰሌዳው ግራ አነሣች።

x² = 7x
x²/x = 7x/x
x = 7

ትናንት ማታ ግቢው ውስጥ የቀሩት ከሟቹ ሌላ ሦስት ናቸው፦ ትዝታ፣ ርዕሰ መምህሩ አቶ ባዩና የሌላው ክፍል የሒሳብ መምህር ጌትነት። ሦስቱንም ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ምን ያመራምራል?» አለ ጌትነት። «እሷን ሲያስጠና ነው የሞተው፤ ሰሌዳው ይናገራል። በፈተና ዜሮ ስለሰጣት ገፋችው። እሷም ራሷ ዜሮ ናት!»

«ቲቸር ጌትነት፣ አፍዎን ይሰብስቡ!» ትዝታ እያለቀሰችም ምላሷ አይተኛም። «እኔ ሰሌዳውን አጥፍቼ ነው የወጣሁት። ተረኛ ነኝ። ቲቸር ረታ ሰሌዳ ሳይጠፋ ሰው አያስወጣም።»

«ዜሮ ለምን አገኘሽ?» አለች የኔነሽ።

«ኮርጄ ነዋ! ከቲቸር ጌትነት ክፍል ልጅ። ቲቸር ረታ ያወቀብኝም እንደዚያ ልጅ ከመልሱ ዜሮዋን ስለጣልኳት ነው።»

«ውሸታም!» ጌትነት ጠረጴዛውን መታ። «እኔ ወደ ቤቴ ስሄድ አብራው ነበረች።»

«እኔ ከቢሮዬ አልወጣሁም» አሉ አቶ ባዩ። «ረታ ከእኔም ከጌትነትም ጋር ተኳርፎ ነው የሞተው፤ አልዋሽም። ግን ልጅቷን ይውሰዱልን፣ ሰዉ በሩን ሊገነጥለው ነው።»

«ልወስድ ነው» አለች የኔነሽ። «ማንን እንደሆነ ክፍል ውስጥ እንየው።»

ሬሳው ተነሥቷል። በሰሌዳው ባዶ ጎን በአዲስ ጠመኔ x² = 9x ብላ ጻፈች፤ ጠመኔውን ለአቶ ባዩ ሰጠች።

«እኔ የታሪክ መምህር ነኝ!» ብለው ጠመኔውን መለሱላት።

ትዝታ አፍንጫዋን በዩኒፎርሟ እጅጌ ጠርጋ፣ ጠመኔውን ተቀብላ ጻፈች፦ x² − 9x = 0፣ x(x − 9) = 0፣ x = 0 ወይም x = 9።

«ለምን ለ x አላካፈልሽም?»

«x ራሱ ዜሮ ቢሆንስ? በዜሮ አይካፈልማ! አካፍሎ ዜሮዋን የጣለ ግማሹን መልስ ጣለ ይለናል ቲቸር ረታ።»

ጌትነት ጠመኔውን ነጥቆ፣ አካፍሎ x = 9 ብሎ ጻፈና ጠመኔውን ወለሉ ላይ ጥሎ የእጁን አቧራ አራገፈ።

«ዜሮዋስ የት ሄደችብዎ?» አለች የኔነሽ።

«ዜሮ ምንም ነው! ምን ይሠራል?»

«ዛሬ ብዙ ሠርቷል። በግራ ያለውን ረታ አልጻፈውም፤ ተማሪዎቹን ሲከለክል የኖረው እሱ ነው።»

«ስሕተት ሊያሳየን ቢጽፍ እንኳ በትልቁ ይሰርዘዋል» አለች ትዝታ።

«አልተሰረዘም። ልጅቷም የተቀጣችበትን አልደገመችም፤ አቶ ባዩም አያውቁትም። እሷ አጥፍታ ከወጣች በኋላ የገባ ሰው አለ። ረታን ገፋው። ሲሞትበት ጊዜ፣ ጥናቱ ላይ እያሉ እንደሞተ እንዲመስል ሰሌዳው ላይ ጻፈ፤ የጻፈው ግን በለመደው መንገድ ነው። ደግሞ እነዚህን x-ዎች እዩ፤ በግራም አሁን በጻፍከውም፣ እንደተኳረፉ ሰዎች ጀርባ የተሰጣጡ ሁለት ግማሽ ጨረቃዎች ናቸው።»

«እርስዎ» ማለቷ መቅረቱን ጌትነት ሰማ።

«በልጆች ፊት!» ብሎ ጮኸ። «ግማሽ መልስ ነው የሚያስተምራችሁ አለኝ፣ በልጆች ፊት! ገፋሁት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም!»

«እሱን ሳታስብ ገፋኸው እንበል። እሷን ግን አስበህ፣ ጠመኔ ይዘህ ነው የገፋሃት።»

ጌትነት እጁ ታስሮ ሲወጣ በሩ ላይ የቆመው ሰው ስድቡን ወደ እሱ አዞረ። ትዝታን ይቅርታ ያላት አልነበረም።

ልጅቷ ጠመኔውን ከወለሉ አነሣች።

«እንዳታጠፊ፣ ማስረጃ ነው» አለች የኔነሽ።

«አላጠፋም» አለች ትዝታ። ከጌትነት x = 9 ሥር x = 0 ብላ ጻፈች፤ ጠመኔውንም መድረኩ ላይ አስቀምጣ፣ በዚያው ሰው መሐል ቀና ብላ ወጣች።