የወተት ሰዎች

«በአውራ ጣትሽ ተጫኚው። አትፍሪ» አለ የክሊኒኩ ድሬሰር ወልደ ኢየሱስ።

ሰርክአዲስ የሕፃኗን እግር ተጫነችና ጣቷን አነሳች። የተጫነችው ቦታ እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ።

«ወፍራም መስላኝ ነበር እኮ!»

«እብጠት ነው። ጸጉሯም ቀልቷል፣ አየሽው? ይህች ልጅ የታመመችው ምግብ አጥታ ነው።»

የሕፃኗ እናት ሀምዳ ጥግ ላይ ቆማ ሁለቱንም በየተራ ታያለች። ልጅቷ መዲና ትባላለች፤ ሁለት ዓመት አልሞላትም።

ሰርክአዲስ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ። አባቷ አቶ በላይ አዋሽ ጣቢያ ባቡር ላይ ይሠሩ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የጥጥ እርሻ ጸሐፊ ሆነው ሲቀጠሩ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ታችኛው አዋሽ ወረዱ። ሁለት ዓመት ሆናቸው። ሰርክአዲስ ከትምህርት ስትወጣ በቀጥታ ወደ እርሻው ክሊኒክ ትሄዳለች። መጀመሪያ ፋሻ ትጠቀልል ነበር፤ ቆይቶ ድሬሰሩ ልጆች መመዘንና ትኩሳት መለካት አስተማራት። ከመርፌውም ከኪኒኑም ይበልጥ የማረካት ግን የምግብ ነገር ነበር። ምስር ለሰውነት ምን እንደሚሰጥ፣ እንቁላል ለሕፃን ከስንት ወሩ እንደሚጀመር እየጠየቀች በደብተሯ ትጽፋለች። የክፍሏ ልጆች «ዶክተር ምስር» ይሏታል።

ለመዲና የዱቄት ወተት ከስኳርና ከዘይት ጋር እየበጠበጡ በየሦስት ሰዓቱ በትንሽ ኩባያ ያጠጧት ጀመር። በሳምንቱ እብጠቱ ጎደለና ከሥሩ አጥንቷ ወጣ። ሰርክአዲስ ደነገጠች፤ ድሬሰሩ ግን ደህና ምልክት ነው አላት። በሦስተኛው ሳምንት መዲና ኩባያውን ከሰርክአዲስ እጅ ነጥቃ ሳቀች።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሀምዳ ፊቷን በሻሿ ሸፍና።

የዚያን ቀን ሰርክአዲስ እየሮጠች ቤቷ ገባች። «አባባ፣ የጤና ትምህርት ቤት እገባለሁ!» አለች። ድሬሰሩም የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፍላት፣ የእርሻውን ሥራ አስኪያጅ ሊያስፈርምላት ቃል ገባ።

ከዚያ የዱቄት ወተቱ አለቀ። ድሬሰሩ በአሰብ መንገድ በሚያልፉ የጭነት መኪኖች ሁለት ጊዜ መልእክት ላከ፤ መልስ የለም።

«እንግዲህ እናትየዋን ምከሪያት» አለ ፊቱን ወደ መድኃኒት ሣጥኑ አዙሮ። «ሌላ ምን እናደርጋለን?»

ሰርክአዲስ ከገበያ አማርኛ የለመደችውን ሀምዳን አስቀምጣ «በየቀኑ ወተት ስጫት። እንቁላልም ካገኘሽ…» አለቻት።

ሀምዳ አየቻትና ሳቀች። የደስታ ሳቅ አልነበረም።

«ወተት? አንቺ ልጅ፣ ለእኔ ወተት ታስተምሪያለሽ? እኛ እኮ የወተት ሰዎች ነን።» እጇን ወደ መስኮቱ ዘረጋች። «በበጋ ላሞቻችን እዚያ፣ ወንዙ ዳር ነበር የሚግጡት። አሁን ጥጥ ነው። ዘበኛ አለ። አሥራ አንድ ላም ነበረን፤ አለቁ። አንዷ ቀረች። እሷም ነጥፋለች።»

ሰርክአዲስ ደብተሯን ዘጋች።

ራት ላይ አባቷን ጠየቀቻቸው። «አባባ፣ የሀምዳን አንድ ላም ብቻ የእርሻው ቦይ ዳር ቢያስግጧትስ?»

«እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ ልጄ። ዛሬ አንድ ከገባ ነገ መቶ ይከተላል ይላሉ አለቆቹ።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

አቶ በላይ ወደ ገበታው አቀርቅረው መብላታቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ ሰርክአዲስ የቁርሷን ወተት በጠርሙስ ደብቃ ወጣች። ከቦዩ ማዶ እስካለው የሀምዳ የሰሌን ጎጆ ድረስ ወስዳ ለመዲና አጠጣችና እየሮጠች ትምህርት ቤት ደረሰች። እንዲህ እያለች ስምንት ቀን አመላለሰች። በዘጠነኛው ቀን ጎጆው ውስጥ ማንም አልነበረም። ጠርሙሱን እንደያዘች ክሊኒክ ሄደች።

«ትናንት ማታ ተቅማጥ ያዛት» አለ ድሬሰሩ። «ንጋት ላይ ሲያመጧት ሕይወቷ አልፎ ነበር።»

ሰርክአዲስ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ጋሼ… ጠርሙሱን የማጥበው በቦዩ ውሃ ነበር። በዚያ ላይ ሙቀቱ… የእኔ ወተት ይሆን?»

ድሬሰሩ ጠርሙሱን አንስቶ አየው። አይደለም እንዲላት በዓይኗ ለመነችው።

«አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «እንዲህ ለተዳከመ ሰውነት ትንሽ ነገር ይበቃዋል። አላውቅም፣ ሰርክ።»

ሐሙስ ዕለት ከአዲስ አበባ እርሻውን የሚጎበኙ እንግዶች መጡ። ዱቄት ይታደላል ስለተባለ እናቶቹ ክሊኒኩ ደጅ ካለው ግራር ሥር ተሰብስበዋል። ድሬሰሩ አንድ ወረቀት ሰጣት፤ ስለ ተመጣጠነ ምግብ የተጻፈ ንግግር ነው።

«ሥራ አስኪያጁ አንቺ እንድታነቢው ይፈልጋል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ደብዳቤሽን የሚፈርመውም እሱ ነው።»

ሰርክአዲስ ፊት ለፊት ቆማ ጀመረች። «እናቶች ሆይ፣ ለልጆቻችሁ በየቀኑ አንድ ኩባያ ወተት…»

አንድ ዘበኛ በአፋርኛ ተረጎመው። ማንም አልሳቀም። ሀምዳ ከሁሉም ኋላ ተቀምጣለች፤ ባዶ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ከእንግዶቹ አንዱ ካሜራውን አነሳ።

«ቀጥይ እንጂ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ሰርክአዲስ ወረቀቱን አየችው። ቀጥሎ የተጻፈው ስለ እንቁላል ነው።

«አልችልም፣ ጌታዬ።»

ወረቀቱን ለድሬሰሩ መለሰችለት። ከእንግዶቹ ኋላ የቆሙት አባቷ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። ድሬሰሩ ጉሮሮውን ጠረገና እሷ ካቆመችበት ማንበብ ጀመረ፤ ዓይኑን ከወረቀቱ ላይ አላነሳም። ደብዳቤው እንደማይፈረም ሰርክአዲስ አወቀች።

በሴቶቹ መሀል አልፋ ሄደችና ሀምዳ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሀምዳ ዞራ አላየቻትም። ዘበኛው ስለ እንቁላል የተነበበውን ተርጉሞ ሲጨርስ፣ ሀምዳ ሰርክአዲስን ፀሐይ እንዳያገኛት ጥላው ሥር ጥቂት ፈቀቅ አለችላት።