በኡም ራኩባ የወረደው ግስ

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ መጋቢት፣ በሱዳን የገዳሪፍ ዋልካ መሬት ከፀሐዩ ጽናት የተነሣ እግር እስኪያስገባ ተሰነጣጥቆ ሳለ፣ ጦርነቱን ሸሽተው በሐምዳይት በኩል ድንበር የተሻገሩት ሰዎች በኡም ራኩባ መጠለያ ዳስ ጥለው ተቀምጠው ነበር። ከእነዚህም አንዷ ሸዊት ትባላለች፤ በሑመራ የነርስነት ትምህርቷን አጋምሳ የተሰደደች፣ ለሥራ የፈጠነች፣ ፈተና ሲመጣ ግን ልቧ የሚከዳት ልጅ ናት።

በዚያ ሰሞን የመጠለያው ክሊኒክ አንዲት ረዳት ሊቀጥር ሆነ፤ ሱዳናዊቷ ሐኪምም በእንግሊዝኛ እንደምትፈትን አስነገረች። ሸዊት ሥራውን ካላገኘች ክረምት ሲገባ ሰሊጥ አረም መውረዷ ነው፤ የጀመረችውንም ሙያ ውኃ ሊበላው ነው። ያስጨነቋት ደግሞ እነዚያ ከግሪክ የመጡ፣ መድረሻቸው ሁሉ «አይተስ» የሆነ የበሽታ ስሞች ነበሩ፤ ያጠናችው ሁሉ እርስ በርሱ ይደበላለቅባታል።

በአጠገቧ ዳስ የሚኖሩት የቅኔ መምህር መሪጌታ ሃየሎም ይህን ሰምተው ሣቁ።

«መድረሻቸው አንድ ከሆነማ ቤት ይመታሉ፤ ቤት የመታ ነገር በግስ ይወርዳል እንጂ እንዴት ይጠፋል?»

«የኔታ፣ ይሄ እኮ ግእዝ አይደለም።»

«ጆሮ አገር አይመርጥም። በይ አውርጂው!»

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ፣ የቅኔ ተማሪ የግእዙን ቃል ከነፍቺው በቃሉ በሚያወርድበት በግስ ዜማ፣ «ጋስትራይተስ ቢል የጨጓራ መቆጣት፤ ሄፓታይተስ ቢል የጉበት መቆጣት፤ አርትራይተስ ቢል የመገጣጠሚያ መቆጣት፤ ኔፍራይተስ ቢል የኩላሊት መቆጣት» እያሉ፣ የቀሩትንም እየጨመሩ ሰነበቱ። የኔታም አልፎ አልፎ፣ «እነዚህ ግሪኮች አንድ የማይቆጣ አካል የላቸውም?» ይላሉ፤ ሸዊትም ከተሰደደች ወዲህ ያን ያህል ሥቃ አታውቅም።

የፈተናው ቀን ሐኪሟ ስለ ኩላሊት ጠየቀቻት። የግስ ተማሪ ከመካከል መጀመር አያውቅምና፣ ሸዊት ዐይኗን ጨፍና፣ ወዲያ ወዲህ እየተወዛወዘች ከጋስትራይተስ ጀመረች፤ ከድንጋጤዋ የተነሣ ግን አንዱን ዘለለች። የኔታ በውጭ ከኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይሰሙ ነበር፤ ተማሪ ሲስት ዝም ማለት አልለመደባቸውምና፣ «መልሽ! አርትራይተስን ዘለልሽ!» ብለው ጮኹ።

የተሰለፈው በሽተኛ ሁሉ ሣቀ። ሸዊት ግን ክው አለች፤ መልስ ተነገራት ተብላ የምትባረር መሰላት።

ሐኪሟ ወደ ደጅ ወጣች፤ ገዳሪፍ ከሐበሾች ጋር ያደገች ናትና አማርኛ አላጣችም።

«ሼኽ፣ አያቴም በኸልዋ፣ በቁርአን ቤት፣ ሲያስተምሩን እንዲህ ነበሩ፤ ጓሮ ሆነው የኛን ስሕተት ይሰማሉ። ፈተናው ግን የእርሷ ነው። ኻላስ፣ በቃ፣ ወደ ቤትዎ ይሂዱ።»

«ይቅር በዪኝ እመቤቴ፣ አፌ ቀደመኝ» ብለው የኔታ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

«ያላ ሸዊት፣ ከመጀመሪያው።»

አሁን ብቻዋን ናት። ድምፅዋ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ጉበት ላይ ስትደርስ ጠራ፤ ኩላሊትን አልፋም እስከ መጨረሻው አንድ ሳታጎድል አወረደችው። ሐኪሟ «ተማም፣ ጎበዝ! ነገ ጧት ለሥራ ነዪ» ስትላት፣ ሸዊት ከደስታዋ ብዛት እንባዋ መጣ።

የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሰዎች የተዋጉትን፣ የሞቱትንና የተሰደዱትን መዝግበዋል፤ የግሪክ ቃል በቅኔ ቤት ዜማ በሱዳን ምድር መውረዱን የጻፈ ግን የለም። ታሪክ ዐይኗ ጦሩ ላይ ነበርና ሸዊትን አላየቻትም፤ ሸዊትም አልተቀየመቻትም፤ ሥራ ነበረባት።