በፈረሰው ኬላ ላይ የበቀለው ዘንዶ

የፈረሰ ኬላ ሲያገሳ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አስካልማር ሰማች፤ ሰምታም ማመን አቃታት።

ጨው የሚቆፈርባት ዛምራና እህል የሚታፈስባት ቆልባ በመካከላቸው የነበረውን ኬላ ያፈረሱት እሷ ገና ሳትወለድ ነው። ሁለቱ ነገሥታት አንድ የጨው ድንጋይ ልሰው፣ «በመካከላችን ቀረጥ የጠየቀ ምላሱ ይድረቅ!» ብለው ማሉ። ከዚያ ወዲህ ቀረጥ የሚከፍለው ሁለቱ አገሮች አብረው በሚጠብቁት በጋራው በር የሚገባ የሩቅ አገር ነጋዴ ብቻ ነበር።

ዛሬ ግን በዚያ ፍርስራሽ ላይ ተራራ የሚያህል ዘንዶ ተጠምጥሟል። ከፊቷ የቀደመውን የእህል ቅፍለት ከነግመሉ፣ ከነሰዉ ሲውጠው አየች።  ከዘንዶው ማዶ፣ በዛምራ፣ ረሃብ የገባባት ከተማዋ አለች፤ የታመመች ታናሽ እህቷም የምትጠብቀው እሷ ከቆልባ ጭና የመጣችውን እህል ነው።

«ጋሼ ጉንደሬ፣ ምን ጉድ ነው ይሄ?» አለች፣ ከቆልባ አብሯት ወደመጣው ሽማግሌ በቅሎ ነጂ ዞራ።

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ዘንዶው ያለው በእናንተ በኩል ነው።»

«ጅራቱ ግን ቆልባ ነው!»

«እንግዲያው ጅራቱን ቆልባ ትያዝ፤ አፉን ዛምራ ትቻለው» ብሎ ሳቀ። ዓይኑን ግን ከዘንዶው ላይ አላነሳም።

አስካልማር መንገደኛ ሁሉ እዚህ ሲደርስ እንደሚያደርገው፣ ሳታስበው ከጭነቷ አንድ እፍኝ እህል ዘግና ወደ ፍርስራሹ በተነች። ኬላው ቢፈርስም የሁለቱ አገር ሰው ባዶ እጁን ማለፍ ነውር መስሎት፣ በይሉኝታ፣ «ለኬላው ጠባቂ» እያለ መበተኑን አልተወም ነበር። ዘንዶው እፍኙን ሲያይ እንደ ጥጃ አንገቱን ዘረጋ። ለምዷል!

«እኛው ነን!» ብላ ጮኸች። «እኛው ቀልበን አሳደግነው!»

ጉንደሬ ሳቁን አቆመ። ከጭነቱ ላይ ወፍራሙን የድንኳን ምሰሶ መዘዘ።

«ቅርፊቱን ጦር አይበሳውም። ላንቃው ግን ሥጋ ነው። እኔ አፉን እከፍታለሁ፣ አንቺ በጦርሽ ውጊ።»

«ጋሼ፣ ተው! ልጆች አሉህ!»

«አንቺስ ከተማ የለሽም? በበላሁት የዛምራ ጨው ይዤሻለሁ፣ እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ!»

እፍኝ እህል ዘግኖ ተጠጋ። ዘንዶው ሊልስ አፉን ሲከፍት ምሰሶውን በመንጋጋዎቹ መካከል ተከለ። አስካልማር በሽማግሌው ትከሻ ላይ ተሻግራ ጦሯን እስከ እጀታው ላንቃው ውስጥ ሰደደች። ምድር ተናወጠች፤ ምሰሶው እንደ ሸምበቆ ተሰበረ። መንጋጋው ሲገጥም እሷ ውጭ ተወረወረች። ዘንዶው ተንፈራግጦ ሞተ፤ ጉንደሬ ግን አልወጣም።

እያለቀሰች ሬሳውን ልታወጣ የዘንዶውን አንገት ስትቀድ ጦሯ ጠንካራ ነገር ነካ። ከቅርፊቱ ሥር የብር ሰንሰለት ታስሯል፤ በሰንሰለቱ ላይ የዛምራና የቆልባ ዙፋኖች ማኅተም ጎን ለጎን ተንጠልጥሏል።  ሕዝቡ የቀለበው አውሬ ባለቤት ነበረው!

እህሉን ከተማዋ አደረሰች፤ እህቷም ቀመሰች። ከዚያ በጋራው በር፣ ሁለቱ ነገሥታት የጨው ድንጋዩን ኪዳን በዓል ሊያከብሩ በተቀመጡበት አደባባይ፣ የጉንደሬን አስከሬን በቃሬዛ አስይዛ ገባች። ደም የነካውን ሰንሰለት እግራቸው ሥር ጣለች።

«የዛምራ ንጉሥ ሆይ፣ የቆልባ ንጉሥ ሆይ!» አለች። «በሹክሹክታ መልስ አልፈልግም፤ እልፍኝም አልገባም። በመካከላችሁ ቀረጥ ላትጠይቁ ምላችሁ ነበር፤ ታዲያ ይህን ሰንሰለት በዘንዶው አንገት ያሰረው ማን ነው? እዚሁ፣ በዚህ ሰው ሬሳ ፊት፣ ሕዝቡ እየሰማ ተናገሩ!»