ዝም ያሰኙት ስህተት

«አሁንም አላገኘሁትም ይላል!»

ዘሊካ ማውዙን ገፋ አደረገችው። ኮምፒውተሩ ያንኑ መልእክት ደግሞ አወጣ፤ በኮዱ የተጠራውን ፎርም ማግኘት አልቻለም። የገንዳ ውሃ ከተማ ሙቀት ከቆርቆሮው ጣሪያ ይወርዳል፤ እሷን ያላባት ግን ሙቀቱ አልነበረም። የከተማው ክሊኒክ ነርስ ሲስተር ውባንች ሥራውን ሊያዩ መንገድ ላይ ናቸው።

ሥራው የዘሊካና የክፍል ጓደኛዋ የሰማኸኝ ነው። ካላዛር የተባለው በሽታ ይዟቸው የሚታከሙትን የሰሊጥ እርሻ ሠራተኞች አክሰስ በሚባለው የመረጃ መመዝገቢያ ፕሮግራም መዝግበዋል። ዋናው ፎርም ላይ የበሽተኛው ስም ይታያል፤ እዚያው ላይ ባለ ሳጥን ውስጥ ደግሞ የተወጋቸውን መርፌዎች የሚያሳይ ንዑስ ፎርም አለ። አንድ ቁልፍ ሲጫኑ መርፌዎቹ ተደምረው ይወጣሉ። አስራ ሰባት ከሞላ በሽተኛው ወደ አገሩ ይሸኛል። ፎርሞቹን የሠራው ሰማኸኝ ነው፣ ኮዱን የጻፈችው ዘሊካ።

«ተነሽ እስቲ» አላት ሰማኸኝ። ስህተት ሲያጋጥም ዝም ብለህ እለፍ የሚል አንድ መስመር ኮዱ ላይ ጨመረ። ከዚያ በመጀመሪያው በሽተኛ የድምር ቦታ ላይ 17 ብሎ በእጁ ጻፈ። ቁልፉን ሲጫነው መልእክቱ አልወጣም፤ ቁጥሩም ባለበት ቀረ።

«ይሄ እኮ ውሸት ነው!»

«አታካብጂ ባክሽ። ሰውዬው እውነትም ጨርሷል። ሲስተር እሱን ብቻ አይተው ይሄዳሉ፣ እኛ በኋላ እናስተካክለዋለን።»

ዘሊካ ሳትመልስለት ሲስተር ውባንች ገቡ። ቁልፉን ራሳቸው ተጫኑና ፊታቸው በራ።

«ጎበዞች! ልክ ነው፣ ጨርሷል። በቃ ከሰኞ ጀምሮ በዚህ ነው የምንሠራ። ካርድ ማገላበጡ ገድሎን ነበር።»

ቦርሳቸውን አንስተው ወደ በሩ ዞሩ። ሰማኸኝ በጠረጴዛው ሥር የዘሊካን እግር ነካ አደረገ፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። እሷ ግን ለቀሩት በሽተኞች ፈራች።

«ሲስተር፣ ይቅርታ... አንዴ ይመለሱ።»

አገኘሁ የሚባለውን ቀጣይ በሽተኛ ከፍታ ቁልፉን ተጫነች። ሰማኸኝ የጻፈው ቁጥር እዚህም አልጠፋም፤ 17።

ሲስተር ጎንበስ ብለው አዩ። «አገኘሁ? ከኮኪት እርሻ የመጣው አገኘሁ? አራተኛውን ዛሬ ጧት እኮ ነው የወጋሁት!» ድምፃቸው ተለወጠ። «ይሄን አምኜ ብሸኘው ምን ይውጠው ነበር?»

«ሲስተካከል ጥሩኝ» ብለው ወጡ።

ሰማኸኝ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ዘሊካ ተናዳበታለች፣ በራሷም ጭምር። ያችን መስመር አጠፋቻት። መልእክቱ ተመልሶ ሲወጣ እፎይ አለች፤ እሱ ቢያንስ አይዋሽም። ከዚያ ንዑስ ፎርሙን የያዘውን ሳጥን ጠርዝ ተጭና ስሙን አየች። እሷ በኮዷ «መርፌ» እያለች ስትጠራ የቆየችው ውስጥ ያለውን ፎርም ነው፤ መጠራት የነበረበት ግን የያዘው ሳጥን ነው። ሳጥኑ ደግሞ ፕሮግራሙ ያወጣለትን «ቻይልድ ሰባት» የሚል ስም እንደያዘ ነው።

«እኔ ነኝ» አለ ሰማኸኝ ቀስ ብሎ። «ለሁሉም ስም እንስጥ ተባብለን ነበር፣ ሰነፍኩ።»

ዘሊካ ሳጥኑንም «መርፌ» ብላ ሰየመችውና የአገኘሁን ቁልፍ ተጫነች። 4።

«ሠራ! ሮጬ ልጥራቸው?» ሰማኸኝ ብድግ አለ።

«ገና ነው፣ ቁጭ በል» አለችው። «ሁሉንም አንድ በአንድ እናያቸዋለን።»

ሦስተኛውን በሽተኛ ከፈተች።