«አቺ» ማለት ምን ማለት ነው

አቶ ወልደ አማኑኤል ቀራንዮ በሚገኘው ቤታቸው የትርጉም ወረቀታቸው ላይ ተደፍተው ከተገኙ ሦስተኛ ቀን ሆነ። ሐኪሙ መርዝ ነው ብሏል። ቀብሩ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ ዋጋነሽ ግን፣ የዚያን ዕለት ቁርሳቸውን የሠራችው እሷ ናትና፣ ከፖሊስ ጣቢያ ወጥታ እንድትቀብር አልተፈቀደላትም።

ኢንስፔክተር ርሆቦትን ያበሳጫት አንድ ቃል ነው። ሟቹ ታሽከንት፣ ባልደረባቸው አቶ ጉልላት ደግሞ ቪልኒየስ የተማሩ ናቸው። ለአንድ የውጭ አሳታሚ የኡዝቤክና የሊቱዌኒያ የዕለት ተዕለት ንግግር መጽሐፍ ማዘጋጀት ከጀመሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። በዚያ ጠዋት ጉልላት ሻይ ቀድተው ሰጧቸው። ሟቹ አንዴ ፉት አሉና «አቺ…» ብለው ሳል አቋረጣቸው። ይህን የሰማችው ጸሐፊያቸው ሌሊሴ ናት።

ጉልላት ለፖሊስ የተረጎሙት ሳይጠየቁ ነበር። ሊሉ የፈለጉት «አቹ» ነው፤ በሊቱዌኒያ አመሰግናለሁ ማለት ነው፤ ሻዩ ጥሩ ነበር፤ ብርጭቆውም ታጥቧል። እንግዲህ የቀረው ቁርሱ ነው።

እንዳይጣራ፣ እዚህ ቋንቋዎቹን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ አንዱ ሬሳ፣ አንዱ ተጠርጣሪ። ርሆቦት ረቂቁን ከጉልላት ተቀብላ ገጽ በገጽ ገለጠች። «ፌርማታው የት ነው?» «ዝናብ ሊመጣ ነው።» «ይህ የኔ ሻንጣ አይደለም።» ከሠላሳ ዘጠነኛው ገጽ ቀጥሎ አርባ አንደኛው መጣ።

«አርባኛው የት ሄደ?» አለቻት ሌሊሴን።

«ኮምፒውተሬ ላይ አለ። የጻፉትን አንድም ሳላስቀር ነው የምተይበው፤ ጠርዝ ላይ የሚሰዳደቡትን ሳይቀር።»

ስምንት ሰዓት ላይ ርሆቦት ዋጋነሽን ከጣቢያ አስመጥታ፣ ከጉልላትና ከሌሊሴ ጋር ሟቹ በሞቱበት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«አቶ ጉልላት፣ በሥራ ሰዓት ሟቹ በምን ቋንቋ ነበር የሚያናግሩዎት?»

«በኡዝቤክ። እኔ በሊቱዌኒያ እመልሳለሁ። አማርኛ ክልክል ነው፤ የራሱ ሕግ ነው።»

«ታዲያ ያን ጠዋት ምን ነክቷቸው በእርስዎ ቋንቋ አመሰገኑ?»

ጉልላት መነጽራቸውን አወለቁ። «ሰው ይሳሳታል።»

«ይሳሳታል። አርባኛው ገጽ ግን ‹በምግብ ቤት› ይላል። ‹ሻዩ መራራ ነው› በኡዝቤክ ‹ቾይ አችቺቅ› ነው። ጠርዙ ላይ በስምዎ የፈረሙበት ማሳሰቢያ አለ፤ ‹ከሊቱዌኒያው አቹ ጋር እንዳይምታታ፣ ጉልላት።› ልዩነቱን ያውቁ ነበር። ረቂቁ እሳቸው ከሞቱ ጀምሮ ከእጅዎ አልወጣም፤ ገጹን የነቀሉት እርስዎ ነዎት። ሟቹ አላመሰገኑም፤ መረራቸው እንጂ። ሻዩን የሰጠቻቸው ደግሞ ዋጋነሽ አይደለችም።»

ሌሊሴ አቀርቅራ አንድ ነገር ጨመረች። ባለፈው ሳምንት ሟቹ የሊቱዌኒያው ክፍል ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ለአሳታሚው ደብዳቤ አስጽፈዋታል።

«‹ደህና አደርክ›ን አሥራ ሰባት ጊዜ አስተረጎመኝ» አሉ ጉልላት፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «አንድ ቀን ግን ደህና አደርክ ብሎኝ አያውቅም።»

«እኔንም አይሉኝም ነበር» አለች ዋጋነሽ። «የሠራሁላቸውን በልተው ሳህኑን ራሳቸው ያጥቡ ነበር እንጂ።»

ርሆቦት ሰዓቷን አየች። «ገና ሠላሳ ደቂቃ አለሽ፤ ነጠላሽን አዘቅዝቂና ሂጂ።»

ዋጋነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ወጣች።