አምስተኛው ዓረፍተ ነገር

ጢጥ ጢጥ፣ ጢጥ ጢጥ። መርማሪዋ ገና የመጀመሪያውን ደረጃ ሳትረግጥ ድምፁ ከፎቅ ይሰማት ነበር። ትንሽ ዝም ይልና፣ በቃ አበቃ ሲሉት እንደገና ይጀምራል። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ጥርሱን ነክሶ ጠበቃት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የሟቹ የደወል ሰዓት ነው። ምንም ነገር እንዳይነካ ስለተባለ…»

«የእኛ ጆሮ ግን ይነካ ተብሏል?» አለች፤ በሩን ሳብ አድርጋ ቁልፉን ሞከረችና ገብታ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ሰዓት በእስክሪብቶዋ ጫፍ ተጭና አጠፋቻት።

የክፍሉ ጠባብነት የታወቃት ጸጥ ሲል ነው። አራት አግዳሚ ወንበር፣ ፍርግርግ ብረት የተገጠመለት አንድ መስኮት፣ አንድ በር። የእንግሊዝኛ መምህሩ ከሰሌዳው ሥር በደረቱ ተደፍቷል። በሩን ክፍት አድርጎ ለመያዝ የሚያገለግለው ከባድ ብረት አጠገቡ ወድቋል፤ ጠርዙ ላይ ደምና ፀጉር አለበት። ከበላዩ ያለው ጥቁር ሰሌዳ አንዲት ፊደል የለበትም።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ከክፍሉ እንዳይወጡ የተከለከሉ አራት ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንዱ ከታች ሱቅ ያለው ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነው። ሁለተኛው መላጣ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ሦስተኛው የሆቴል እንግዳ ተቀባይ የሆነና ጓደኞቹ «ቀለሜው» የሚሉት ወጣት ነው። አራተኛዋ የመምህሩ ታናሽ እህት ናት፤ የቀሚሷ እጅጌ በደም ርሷል።

ፖሊሱ ወደ መርማሪዋ ጆሮ ጠጋ አለ። «ነገሩ ያለቀለት ነው። ቁልፍ ያለው ከሟቹ ሌላ እሷ ዘንድ ብቻ ነው። ስትገባ የታየችውም እሷ ብቻ ናት። መኪናው ታች ቆሟል፣ ልንወስዳት ነው።»

እህትየዋ ሰምታለች። ቀና ብላ መስኮቱን ብቻ ተመለከተች፤ ፍርግርጉን የምትቆጥር ትመስላለች።

«መኪናው ይቁም፤ ነዳጅ አይጨርስም» አለች መርማሪዋ። ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ የቀኝ እጁን ገለበጠችው፤ ረዘም ላለ ጊዜም አየችው። ከዚያ አንሶላ አልብሰው እንዲያወጡት አዘዘች።

ከልብስ ሰፊው ጀመረች። «አባባ፣ እዚህ ምን ይማሩ ነበር?»

«እንግሊዝኛ ነዋ! በስልሳ ስምንት ዓመቴ። የልጅ ልጆቼ በእንግሊዝኛ ሲያሙኝ ልሰማ ብዬ ነው።» ቀና ብሎ ሰሌዳውን አየ። «ቲቸር በቀን አንድ የአነጋገር ስልት ነበር የሚሰጠን። የቀኑን ስልት እስኪጽፈው ማንም አያውቀውም። ጠዋት በመስኮት ያየውን ነገር በዚያ ስልት አምስት ዓረፍተ ነገር አድርጎ ሰሌዳው ላይ ይጽፍልናል፤ እኛ እንገለብጣለን። ሳይገለበጥ ሰሌዳ አይጠፋም። ይህ እንደ ሕግ ነው።»

«ዛሬ ማን ሲገባ አዩ?»

«እሷን። በአሥራ ሁለት ተኩል ሻይ ይዛ ወጣች፣ ጥቂት ቆይታ ወረደች። ከዚያ አንድ ሰዓት ላይ ደወሉ ጮኸ፤ የሚያጠፋው ጠፋ። ሦስታችን በሩን ደበደብን፤ እሷን ጠራናትና በቁልፏ ከፈተችልን።»

«ከሱቅዎ ንቅንቅ አላሉም?»

ሽማግሌው አፈረ። «አንዴ ብቻ። ገመድ ተበጥሶ ከጋሪ ላይ ፍራሽ ወድቆ ነበር። እንደ ጎረምሳ አነሣለሁ ብዬ ወገቤ ተያዘ፤ መንገደኛው ሁሉ ሳቀብኝ። ቢሆንም እሷ ስትወርድ አይቼ፣ ፍራሹን ለባለጋሪዎቹ እስከ ዋናው መንገድ አደረስንላቸው። ሩብ ሰዓት ያህል ሱቁ ባዶ ነበር።»

ሹፌሩ ሳይጠየቅ ዘሎ ገባ። «ከእሱ ጋር ትናንት እንደተጣላሁ ይነግሩሻል። ‹አንተ የምትነዳው እንግሊዝኛ ፍሬን የለውም› ብሎኛል። ተናድጄ ወጣሁ፤ ማታ ለሚስቴ ስነግራት እሷም ሳቀችብኝ። እና ሚስቴን ገደልኳት?»

«ደብተርህ የት አለ?»

ሰጣት። መርማሪዋ ገለጥ ገለጥ አደረገችው። «እኔ ከእንግሊዝኛ የማውቀው ኦኬን ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ያለውን ንገረኝ።»

«‹ዩዝድ ቱ›፣ የትናንቱ ነው። ድሮ የነበረና አሁን የቀረ ነገር ይነገርበታል። ‹ድሮ ፀጉር ነበረኝ› ብዬ ጽፌያለሁ።»

የልብስ ሰፊው ደብተርም እዚያው ላይ ነው ያቆመው፤ ‹ድሮ ክር በመርፌ ቀዳዳ ያለ መነጽር እሰካ ነበር› ይላል ብሎ ሽማግሌው ተረጎመላት። መርማሪዋ የሁለቱንም ደብተር ይዛ ወደ ቀለሜው ዞረች።

«ቲቸርን በጣም ነበር የምወደው» አለ ቀለሜው፣ ሸሚዙን እያስተካከለ። «ከሆቴሉ በአውቶቡስ መጥቼ ልክ አንድ ሰዓት ላይ ደረስኩ። ባሕር ማዶ ወዳለው ሆቴላችን ልዛወር ነው። የቲቸር ፊርማ ያለበት የብቃት ወረቀት ብቻ ነበር የቀረኝ፤ ቀነ ገደቡም ነገ ነው። የእሱ መሞት ማንን ይጎዳል? እኔን።»

«ፍራሹንስ አየኸው?»

«የቱን ፍራሽ?»

«አይ፣ እንዲያው ነው። ደብተርህን እባክህ።»

ለቅጽበት እጁ ቦርሳው ላይ ቆየ። ከዚያ ሰጣት። በሽፋኑ ላይ የመምህሩ ፊርማና የገጾቹ ቁጥር አለበት፤ አንዲትም ገጽ ብትቀደድ ታስታውቃለች። መርማሪዋ የመጨረሻውን ገጽ ከሁለቱ ደብተሮች መጨረሻ ጋር አስተያየችው።

እህትየዋ ዘንድ ስትደርስ መርማሪዋ አልቆመችም፤ አጠገቧ ተቀመጠች። «እህቴ፣ ንገሪኝ።»

«ምኑን? ሃያ ዓመት ሙሉ አበሰልኩለት፣ አጠብኩለት። በዚህ ሰፈር ‹የቲቸር እህት› ከመባል ሌላ ስም የለኝም። አሁን ደግሞ ገዳይ አሉኝ።» እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣብቃለች። «ሻዩን ሳስቀምጥ ወንድም ጋሼ ይጽፍ ነበር። ታች የሆነ ነገር ወደቀ፤ በመስኮት አይቶ ሳቀ፤ ተመልሶም ጻፈ። ሳይሰናበተኝ ወጣሁ። በኋላ በሩን ስከፍት ወድቆ አገኘሁት፤ ጭንቅላቱን ቀና አደረግሁት… ደሙ የዚያ ነው።»

«ባዶ ሰሌዳ ላይ ነው የጻፈው?» አለ ሹፌሩ። «ስንገባ እኮ ምንም አልነበረበትም! መጻፍ ሳይጀምር ነው የሞተው።»

«ጽፎ ነበር አልኩህ!»

«ማን ያምንሻል?» አለ ፖሊሱ፤ ካቴናውን አወጣ።

«እኔ አምናታለሁ» አለች መርማሪዋ። «ሁላችሁም በየቦታችሁ፣ ለትምህርት እንደምትቀመጡት ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። እሷ ሰሌዳው ፊት ቆመች።

«ይህ ሰሌዳ አንዲትን ሴት ሊያሳስር ነበር። ባዶ ከሆነ መምህሩ መጻፍ ሳይጀምር ሞቷል፤ ሳይጀምር ከሞተ ደግሞ አጠገቡ የነበረችው እሷ ናት፣ ዋሽታለችም። የሟቹ ጣቶች ግን እስከ አንጓቸው በጠመኔ ነጥተዋል። መጻፍ ያልጀመረ ሰው ጣቱ አይነጣም። ስለዚህ ተጽፏል፣ ሰው አጥፍቶታል። ገዳዩ የገባውም በእህትየዋ ቁልፍ አይደለም። አባባ ፍራሽ ተሸክመው ሲሄዱ ደረጃው ጠባቂ አልነበረውም፤ አንኳኳ፣ መምህሩ ራሱ ከፈተለት። ሲወጣ በሩን ሳበው። ስገባ ሞክሬዋለሁ፤ ሲስቡት ራሱ ይቆለፋል።»

«ታዲያ ማነው?» አለ ልብስ ሰፊው።

የቀለሜውን ደብተር ለሹፌሩ ሰጠችው። «የመጨረሻውን ገጽ አንብብልን። በእኛ ቋንቋ።»

ሹፌሩ ግንባሩን ቋጠረ። «ይሄ ‹ዩዝድ ቱ› አይደለም። ‹አዝ ሱን አዝ› ነው። አንዱ ነገር እንደሆነ ሌላው ወዲያው ሲከተል እንጠቀምበታለን። ‹መብራቱ አረንጓዴ እንደሆነ እነዳለሁ› እንደ ማለት። ግን አልተማርነውም እኮ!»

«የቤት ሥራ ነው» አለ ቀለሜው ፈጥኖ። «ራሴ ቀድሜ ያነበብኩት ነው።»

«ቀጥል» አለች መርማሪዋ ለሹፌሩ።

«አንድ፤ ‹ልክ ፀሐይ እንደወጣች መንገዱ በሰው ይሞላል።› ሁለት፤ ‹ልክ እህቴ እንደመጣች ክፍሉ ይሞቃል።›»

እህትየዋ አፏን በመዳፏ ሸፈነች።

«ሦስት፤ ‹ልክ ገመዱ እንደተበጠሰ ፍራሹ መሬት ወደቀ።› አራት…» ሹፌሩ ወደ ሽማግሌው ሰረቅ አድርጎ አየ። «‹ልክ ልብስ ሰፊው ወገቡን እንደያዘ ሰው ሁሉ ሳቀ።›»

«ቲቸር እኔንም አስገባኝ?» አለ ሽማግሌው፤ ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ አልታወቀም።

መርማሪዋ ቀለሜው ፊት ቆመች። «ፍራሽ አላየሁም አልከኝ፤ ደብተርህ ግን አይቷል። ከአንድ ሰዓት ጀምሮ እዚህ ታግታችኋል፣ የጻፍከው ከዚያ በፊት ነው። እህትስ አለህ?»

«የለኝም።»

«‹እህቴ› ያለው እንግዲህ መምህሩ ነው። ፍራሹ ወድቆ፣ እሷም ወርዳ፣ እሱ በሕይወት ነበር። አንተ ቁጭ ብለህ እንደ ልማድህ ስትገለብጥ ነበር። ዓረፍተ ነገሮቹ ግን ሁልጊዜ አምስት ናቸው። አንተ የያዝከው አራት ነው። አምስተኛውን ለምን አልገለበጥከውም?»

ቀለሜው መስኮቱን አየ፣ ከዚያ በሩን አየ፤ ፖሊሱ ቆሞበታል። በመጨረሻ ቀና አለና ደብተር ሳያይ፣ አንዴም ሳይደናቀፍ፣ በእንግሊዝኛ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ሹፌሩና ልብስ ሰፊው ደንግጠው አዩት።

«ምን አለ?» አለች መርማሪዋ።

ሹፌሩ ቀስ ብሎ ተረጎመው። «‹ልክ ቀለሜው የራሱ የሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር እንደተናገረ ወረቀቱን እፈርምለታለሁ።›»

«እየሳቀ ነበር የጻፈው» አለ ቀለሜው። «ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ሳላስቀር የጻፈውን ሁሉ ገለበጥኩ። ዛሬ ወረቀቱን ላስፈርም ቀድሜ መጣሁ፤ ቀነ ገደቡ ነገ እንደሆነ ያውቃል። ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ይስቅብኛል። ብረቱን እንዴት እንዳነሣሁት እንጃ። ያቺን አንዷን ላጥፋ ብዬ ሁሉንም አጠፋሁ። ደብተሬ ትዝ ያለኝ አንቺ ስትጠይቂኝ ነው።»

«እሷን ሊወስዷት ሲሉስ ምን አሰብክ?»

ቀለሜው ሁለት እጁን ዘረጋ። ፖሊሱ ካቴናውን አሰረለትና ይዞት ወረደ።

ሹፌሩና ልብስ ሰፊው ደብተራቸውን አቅፈው ቆሙ። ሽማግሌው ወደ እህትየዋ ዞረ። «እህት ዓለም፣ አይዞሽ። ለቀብሩ ድንኳን አስተክላለሁ፣ ወንበሩንም ከጎረቤት እንሰበስባለን። አንቺ ቤት ገብተሽ ትንሽ ጋደም በይ።»

እህትየዋ ተነሣች። ደም የነካውን እጅጌዋን ሁለት ጊዜ ጠቀለለች። አመሰግናለሁ የምትል መስሏቸው ነበር፤ ግን በመካከላቸው አልፋ ደረጃውን ወረደች።

መርማሪዋ በፍርግርጉ መሐል ተመለከተቻት። የወንድምና የእህቲቱ ቤት በስተግራ፣ ከሦስት በር በኋላ ነው። ሴትየዋ ወደ ቀኝ ታጠፈች። ዋናው መንገድ ላይ የመጣውን የመጀመሪያ አውቶቡስ እጇን ዘርግታ አስቆመች፤ የት እንደሚሄድ እንኳ ሳታይ ተሳፈረች።

«ወዴት ነው?» አለ ልብስ ሰፊው፣ ከመርማሪዋ ትከሻ በላይ አንገቱን አስግጎ። «አንቺ! ቀብሩስ?»

አውቶቡሱ በሩን ዘግቶ ሄደ።